ፊጂ ውስጥ ስክሪፕት ስትጽፉ ሰርቪስ በየትኛው መንገድ ትጠራላችሁ?

አሥር የማይክሮስኮፕ ምስል በእጅ እየከፈቱ መለካት ይቻላል። መቶ ሲሆን ያደክማል። ሺህ ሲሆን ግን ስክሪፕት መጻፍ ግድ ነው። ያኔ የምስል መተንተኛውን ፕሮግራም፣ የፊጂን የስክሪፕት ኤዲተር ትከፍቱና ከኢንተርኔት አንድ ምሳሌ ትገለብጣላችሁ። ይሠራል። ሌላ ምሳሌ ትጨምራላችሁ። እሱም ይሠራል፣ አጻጻፉ ግን ከመጀመሪያው ጋር ጨርሶ አይመሳሰልም።

አንዱ ገና ከላይ «#@ ኦፕሰርቪስ ኦፕስ» ብሎ ይጀምራል። ሌላው ኮንቴክስት የሚባል ነገር ይዞ «ጌትሰርቪስ» ይላል። ሦስተኛው «አይጄ.ኦፕ()» ይላል። አራተኛው ጭራሽ አዲስ ኢሜጅጄ (ፊጂ የተመሠረተበትን ፕሮግራም) ፈጥሮ ይነሳል። አራቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ምስሉን የሚያለሰልስላቸው፣ የሚከፍትላቸው ወይም የሚያሳይላቸው ሰርቪስ፣ ማለትም አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራላቸው የፕሮግራሙ ክፍል። ልዩነቱ የሚያገኙበት መንገድ ላይ ነው።

የመንገዱ ምርጫ ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ብዙ ስክሪፕት ስሠራና የሌሎችንም ስጠግን ያየሁት ችግር አብዛኛው የሚመጣው ከዚሁ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፣ ስክሪፕቱ ግን ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ አይሠራም። ወይም ምስሉ ተሰልቶ የትም አይታይም። ስለዚህ መንገዶቹን አንድ በአንድ እናወዳድር።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። የኮድ ቃላቱን እዚህ የጻፍኳቸው በፊደላችን፣ እንደሚነበቡት ነው። ኤዲተሩ ውስጥ ግን በላቲን ፊደል፣ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ሳታምታቱ ነው የምትጽፏቸው።

ሰርቪሶቹ የሚኖሩበት ቤት

የመጀመሪያውን ኢሜጅጄ የሠራው ዌይን ራስባንድ ነው። አሜሪካ ውስጥ በብሔራዊ የጤና ተቋማት ይሠራ ነበር። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ። በዚያ ዘመን አሠራሩ ቀላል ነበር። «አይጄ» የሚባል ክላስ አለ። ውስጡ ስታቲክ ሜተዶች፣ ማለትም ኦብጀክት ሳትፈጥሩ በክላሱ ስም ብቻ የምትጠሯቸው፣ አሉ። ከየትኛውም ቦታ ሆናችሁ «አይጄ.ረን» ወይም «አይጄ.ጌትኢሜጅ» ማለት ትችላላችሁ። ሁሉም ነገር አንድ ጄቪኤም (የጃቫ ፕሮግራም የሚሮጥበት ሂደት) ውስጥ አንድ ብቻ ነው። አንድ መስኮት፣ አንድ የምስሎች ዝርዝር፣ አንድ ተጠቃሚ።

ይህ አሠራር ለብዙ ዓመታት አገልግሏል፣ ዛሬም ያገለግላል። ግን ያለ መስኮት ሰርቨር ላይ ማሠራት ሲመጣ፣ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ መክተት ሲመጣ፣ አንዱን ክፍል አውጥቶ በሌላ መተካት ሲመጣ ጠበበ። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ኢሜጅጄ2 ነገሩን ከመሠረቱ ለያይቶ ሠራው። ለምስል ብቻ ያልሆነው ክፍል ተነጥሎ ሳይጃቫ የሚል ስም አገኘ። ፊጂ ዛሬ ሁለቱንም፣ የድሮውንና አዲሱን ኢሜጅጄ፣ አንድ ላይ ይዞ ነው የሚመጣው። በመካከላቸው የሚያገናኝ ድልድይ አለ።

በሳይጃቫ ዋናው ነገር ኮንቴክስት ነው። ኮንቴክስት ሰርቪሶች የሚቀመጡበት ዕቃ ነው ብላችሁ ያዙት። ፊጂ ሲነሳ አንድ ኮንቴክስት ይፈጠራል። የጃቫ ኮድ በሚታሸግበት በየጃር ፋይሉ ውስጥ ኮዱ ሲጠናቀር የተዘጋጀ የፕለጊኖች ማውጫ አለ። ኮንቴክስቱ እሱን እያነበበ ሰርቪሶቹን ያስነሳል። ኦፕሰርቪስ የምስል ስሌቶቹን ይይዛል። ዳታሴትአይኦሰርቪስ ፋይል ይከፍታል፣ ያስቀምጣል። ዩአይሰርቪስ ያሳያል። ሎግሰርቪስ መልእክት ይጽፋል። ኮማንድሰርቪስ ሌሎች ትእዛዞችን ያስኬዳል። እያንዳንዱ የዚያ ኮንቴክስት ንብረት ነው። ይህን አንድ ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ በጣም ይጠቅመናል።

አንደኛው መንገድ፦ ከላይ መጠየቅ

ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ ሀሽና አት ምልክት አድርጋችሁ የሰርቪሱን ዓይነትና የምትሰጡትን ስም ትጽፋላችሁ። «#@ ኦፕሰርቪስ ኦፕስ»። አለቀ። ከዚያ በታች ኦፕስ የሚባል ቫሪያብል ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።

ይህ እንዴት ይሆናል? ስክሪፕቱ ከመሮጡ በፊት ሳይጃቫ እነዚህን መስመሮች ያነባል። ፋይል፣ ቁጥር ወይም ጽሑፍ ከጠየቃችሁ ለተጠቃሚው መጠየቂያ ሳጥን ያወጣል። ሰርቪስ ከጠየቃችሁ ግን ማንንም አይጠይቅም፣ ራሱ ከኮንቴክስቱ አውጥቶ ይሞላዋል። ስለዚህ «#@ ፋይል» እና «#@ ኦፕሰርቪስ» አብራችሁ ብትጽፉ በሳጥኑ ላይ የሚታየው ፋይሉ ብቻ ነው። ሰርቨር ላይ ያለ መስኮት ስታስኬዱትም ከትእዛዝ መስመሩ የምትሰጡት ፋይሉን ብቻ ነው።

እኔ ይህን መንገድ ከሁሉም አስቀድማለሁ። ዋናው ምክንያቴ ስክሪፕቱን የሚያነበው ሰው ነው። ፋይሉን ከፍቶ አራት መስመር ሲያነብ ስክሪፕቱ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ዩአይሰርቪስ ከላይ ካየ መስኮት እንደሚፈልግ ይጠረጥራል። ዳታሴትአይኦሰርቪስ ካየ ፋይል እንደሚነካ ይገባዋል። መቶ መስመር ወርዶ መፈለግ የለበትም። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር በኋላ እናንተው ናችሁ።

ሌላም ጥቅም አለው። ስክሪፕቱ አድጎ ወደ ጃቫ ፕለጊን መቀየር ሲያስፈልግ መስመሩ እንዳለ ነው የሚሄደው። «#@ ኦፕሰርቪስ ኦፕስ» የነበረው «@ፓራሜትር» የሚል ምልክት ያለበት የክላስ ፊልድ ይሆናል። ሐሳቡ አይለወጥም። ግሩቪ ላይም፣ ጃይተን ላይም፣ ጃቫስክሪፕት ላይም የሚጻፈው በአንድ ዓይነት ነው። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ስትሻገሩ ከላይ ያሉትን መስመሮች አትነኩም።

የቆዩ ምሳሌዎች ላይ አጻጻፉ ትንሽ ይለያል። ሀሹና አቱ ተለያይተው፣ ወይም በሁለት ስላሽ ቀጥሎ በአት ታያላችሁ። ትርጉሙ ያው ነው። አዲስ ስትጽፉ ግን ሁለቱን ምልክቶች አጣብቁ።

አንድ ምክር ልጨምር። ስትጠይቁ ኢንተርፌሱን፣ ማለትም ሥራው ምን እንደሆነ ብቻ የሚገልጸውን ዓይነት፣ ጠይቁ። ብዙ ሰርቪስ በስሙ መጀመሪያ ላይ «ዲፎልት» የሚል ክላስ አለው። ኮማንድሰርቪስ ኢንተርፌሱ ነው፣ ዲፎልትኮማንድሰርቪስ ሥራውን የሚሠራው ክላስ ነው። ለአንድ ኢንተርፌስ ከአንድ በላይ ሠራተኛ ሲኖር ኮንቴክስቱ ቅድሚያ ያለውን ይመርጣል። ዲፎልቱን በስሙ ከጠራችሁ ያንን ምርጫ ትነጥቁታላችሁ። ነገ የተሻለ ቢመጣም ስክሪፕታችሁ አያገኘውም።

ሁለተኛው መንገድ፦ ኮንቴክስቱን መጠየቅ

እዚህ ከላይ የምትጠይቁት ሰርቪሱን ሳይሆን ራሱን ኮንቴክስቱን ነው። «#@ ኮንቴክስት ኮን» ትላላችሁ። ከዚያ በፈለጋችሁበት ቦታ ላይ የምትፈልጉትን ሰርቪስ ትጠይቁታላችሁ።

መጠየቂያው ሁለት ዓይነት ነው። ልዩነታቸውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ ረጋ ብላችሁ ተመልከቱት። አንዱ ሜተድ «ጌትሰርቪስ» ነው። ሰርቪሱ ከሌለ ነል (ባዶ ዋጋ) ይመልሳል፣ ዝም ብሎ ያልፋል። ሌላው በአጭሩ «ሰርቪስ» ነው። ሰርቪሱ ከሌለ ኤረር ያነሳል፣ እዚያው ያቆማችኋል።

ሰዎች ብዙ ጊዜ ጌትሰርቪስን ይጠቀማሉ፣ የመለሰውን ግን አያረጋግጡም። ስክሪፕቱ ይቀጥላል። ምስል ይከፍታል፣ ይቆጥራል፣ ሠንጠረዥ ይሞላል። መጨረሻ ላይ ነሉን ሊጠቀምበት ሲል ይወድቃል። ሌሊቱን ሙሉ የሠራው ሥራ ጠዋት ላይ ባዶ ነው። ኤረሩም የሚናገረው ስለ ነል እንጂ ስለ ጎደለው ሰርቪስ አይደለም። ስለዚህ ደንቤ ይህ ነው፦ ሰርቪሱ የግድ ከሆነ «ሰርቪስ» በሉ፣ እሱንም ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ። ቢኖር ጥሩ ባይኖርም ግድ የለም ካላችሁ «ጌትሰርቪስ» በሉና ወዲያው ነል መሆኑን ፈትሹ።

ይህ መንገድ መቼ ይሻላል? በሁለት ጊዜ። አንደኛው ሰርቪሱ በአንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ላይኖር ሲችል ነው። ለምሳሌ ስክሪፕታችሁ ፊጂ ላይም፣ ሳይጃቫን ብቻ በያዘ ሌላ ፕሮግራም ላይም እንዲሠራ ትፈልጋላችሁ። ኦፕሰርቪስ ካለ ትጠቀሙበታላችሁ። ከሌለ በራሳችሁ ሉፕ ታሰላላችሁ። ሁለቱም መጠየቂያዎች የክላሱን ሙሉ ስም በጽሑፍ መልክ ይቀበላሉ። ይህ ለስክሪፕት በጣም ይመቻል። ክላሱን ኢምፖርት ካደረጋችሁት በሌለበት ቦታ ስክሪፕቱ ከመጀመሩ ይሰናከላል። በጽሑፍ ከጠየቃችሁት ግን ነሉን ተቀብላችሁ ወደ ሁለተኛው መንገዳችሁ ትሄዳላችሁ።

ሁለተኛው ጊዜ የሚያስፈልገው ሰርቪስ አስቀድሞ የማይታወቅበት ነው። ተጠቃሚው ከዝርዝር መርጦ የሚወስንበት ዓይነት ሥራ። ይህ እምብዛም አይገጥምም። ሲገጥም ግን ከላይ መጠየቅ አይሠራም።

ከእነዚህ ውጭ ኮንቴክስቱን ይዞ መዞር ጥሩ ልማድ አይደለም። ስክሪፕቱ ከላይ ሲታይ ምንም የሚፈልግ አይመስልም። ውስጡ ግን በየቦታው ጥያቄ ተበትኗል።

ሦስተኛው መንገድ፦ ጌትዌይ

«#@ ኢሜጅጄ አይጄ» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። በእጃችሁ የሚገባው በር ነው። ከዚያ «አይጄ.ኦፕ()»፣ «አይጄ.ዩአይ()»፣ «አይጄ.ሎግ()» እያላችሁ ሁሉንም ትደርሱበታላችሁ። እንዲህ ያለ የራሱ አጭር ሜተድ የሌለውን ሰርቪስ ደግሞ «ጌት» በሚለው ሜተድ ትጠይቃላችሁ።

ለሙከራ እጅግ ይመቻል። አንድ ሐሳብ ሲመጣላችሁ አንድ መስመር ጽፋችሁ ወደ ሥራ ትገባላችሁ። ማስተማሪያ ጽሑፎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። ከፓይተን ሆናችሁ በፓይኢሜጅጄ ስትሠሩ ደግሞ ተፈጥሯዊው መንገድ ይኸው ነው። «ኢሜጅጄ.ኢኒት()» የሚመልስላችሁ ጌትዌዩን ነው። እሱን አንዴ ፈጥራችሁ እስከ መጨረሻው ትጠቀሙበታላችሁ። አንድ የፓይተን ሂደት ውስጥ ጄቪኤሙን ዘግቶ እንደገና ማስነሳት ስለማይቻል ደጋግሞ መፍጠርን አትልመዱ።

ስሙ ላይ ግን ተጠንቀቁ። «አይጄ» የድሮው ኢሜጅጄ የፓኬጁ ስም ነው። በግሩቪ ጌትዌዩን አይጄ ብላችሁ ሰይማችሁ ወደ ታች የድሮውን ክላስ በሙሉ ስሙ ለመጥራት ብትሞክሩ ሁለቱ ይጋጫሉ። ኢሜጅጄ የሚባል ክላስም ሁለት ነው፤ አንዱ የድሮው ዋና መስኮት፣ አንዱ አዲሱ ጌትዌይ። ኢምፖርት ስታደርጉ የተሳሳተውን መያዝ በጣም ቀላል ነው። የድሮና የአዲስ ኮድ የተቀላቀለበት ስክሪፕት ላይ ለጌትዌዩ ሌላ ስም ስጡት።

ለሌላ ሰው የምታካፍሉት ስክሪፕት ላይ ግን ጌትዌይን አልመርጥም። ምክንያቱ ከኮንቴክስቱ ጋር አንድ ነው። ሁሉንም ነገር የሚጠይቅ ስክሪፕት ምን እንደሚፈልግ አልተናገረም።

አራተኛው መንገድ፦ የድሮው ስታቲክ

«አይጄ.ረን» ዛሬም ይሠራል። በሜኑ የምትሠሩትን የሚቀዳው ማክሮ ሪከርደር የሚጽፍላችሁ እሱን ነው። በሜኑ ያለን ትእዛዝ ለማስኬድ ብቻ ከሆነ ምንም አይወቀስም። በማክሮ ቋንቋ ብቻ የምትጽፉ ከሆነም ምርጫችሁ እሱ ነው። የማክሮው ቫሪያብል ቁጥር፣ ጽሑፍና አሬይ እንጂ የጃቫ ኦብጀክት አይዝም። ሰርቪስ ይዞ መሥራት ከፈለጋችሁ ወደ ግሩቪ ወይም ወደ ጃይተን ተሻገሩ።

የዚህ መንገድ ዋጋ የሚታየው ያለ መስኮት ስትሠሩ ነው። ብዙ የድሮ ትእዛዝ «አሁን የተከፈተው ምስል» የሚባል ነገር ይፈልጋል። ምስሉን በእጁ አትሰጡትም፣ ራሱ ከፊት ያለውን ያነሳል። በመካከል ሌላ ምስል ከፊት ከመጣ ስሌቱ የተሳሳተውን ምስል ይነካል። ኤረር አይሰጥም። ቁጥሩ ብቻ ይሳሳታል። ለምርምር የሚሠራ ሰው ከዚህ የከፋ ነገር ሊገጥመው አይችልም ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ጋ አንድ ጠቃሚ ዘዴ አለ። የድሮ ዓይነት ፕለጊን እየጻፋችሁ አዲስ ሰርቪስ ካስፈለጋችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ከላይ መጠየቅ አትችሉም፣ የድሮው ፕለጊን ያንን አያውቅም። «አይጄ.ረንፕለግኢን» የሚለውን ሜተድ የኮንቴክስትን ሙሉ የክላስ ስም ሰጥታችሁ ጥሩት። ሁለተኛውን ጽሑፍ ባዶ ተዉት። የሚመልስላችሁ አዲስ ሳይሆን ፊጂ እየሠራበት ያለውን ኮንቴክስት ነው። ድልድዩ የተሠራው ለዚህ ነው። ከዚያ ሁለተኛው መንገድ ላይ እንዳየነው ትጠይቁታላችሁ።

አምስተኛው፦ አዲስ ኮንቴክስት መፍጠር

ይህን ምርጫ ያስገባሁት በየምሳሌው ስለምታዩት ነው። «ኒው ኢሜጅጄ()» ወይም «ኒው ኮንቴክስት()»። እየሠራ ባለ ፊጂ ውስጥ ይህን አታድርጉ።

ሰው ቤት በእንግድነት የሄደ ሰው ውሃ ሲጠማው ጉድጓድ አይቆፍርም። አጠጡኝ ይላል። ስክሪፕትም እንግዳ ነው። ቤቱ፣ ሰርቪሱ፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው።

ቢቆፍርስ ምን ይሆናል? ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ እዚህ ይመጣል። እያንዳንዱ ሰርቪስ የአንድ ኮንቴክስት ንብረት ነው። አዲስ ኮንቴክስት ስትፈጥሩ ሌላ ዩአይሰርቪስ፣ ሌላ የምስሎች ዝርዝር፣ ሌላ የመልእክት መተላለፊያ ይፈጠራል። በአዲሱ ውስጥ ያሳያችሁትን ምስል የድሮው አያውቀውም። አንዱ ላይ የተከሰተውን ሌላው አይሰማም። በዚያ ላይ ድልድዩን የሚይዘው ሰርቪስ በአንድ ጄቪኤም ውስጥ ከአንድ በላይ እንዲሆን አልተሠራም። ስለዚህ ሁለተኛው ኮንቴክስት ሙሉ ሆኖ ላይነሳ ይችላል። ሜሞሪም ይበላል። ስክሪፕቱ በሉፕ ውስጥ የሚፈጥረው ከሆነማ ችግሩ በየዙሩ ይደረባል።

አዲስ ኮንቴክስት ትክክል የሚሆነው ማንም ቀድሞ ያስነሳው ከሌለ ነው። የራሳችሁን የጃቫ ፕሮግራም ከዋናው ሜተድ ስታስነሱ፣ ወይም ዩኒት ቴስት ስትጽፉ። በቴስት ላይ ሁሉንም ሰርቪስ ማስነሳት አያስፈልግም። የምትፈልጉትን ክላስ ብቻ ሰጥታችሁ ፍጠሩት። እሱና እሱ የሚፈልጋቸው ብቻ ይነሳሉ፣ ቴስቱም ይፈጥናል። ስትጨርሱ «ዲስፖዝ» ማለትን አትርሱ።

ከላይ የተጠየቀው የማይደርስበት ቦታ

አንደኛውን መንገድ አጥብቄ ስለመከርኩ የሚያቆምበትንም መናገር አለብኝ። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ነው።

ስክሪፕታችሁ ሲያድግ በፋንክሽን ትከፋፍሉታላችሁ። ጃይተን ላይ ችግር የለም። ከላይ የተጠየቁት ስሞች ግሎባል ናቸው፣ ፋንክሽኖቹ ያዩአቸዋል። ግሩቪም ላይ በስክሪፕቱ ውስጥ ያሉ ሜተዶች ያዩአቸዋል። ግን በግሩቪ እዚያው ፋይል ውስጥ ክላስ ከፈጠራችሁ የክላሱ ሜተድ አያያቸውም። ስሞቹ የተቀመጡት በስክሪፕቱ ባይንዲንግ (የራሱን ስሞች በሚይዝበት ዝርዝር) ውስጥ ነው፣ ክላሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። «ከላይ ጠይቄው እንዴት የለም ይለኛል?» የሚል ጥያቄ ሲገጥማችሁ መልሱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ሰርቪሱን ለክላሱ በኮንስትራክተሩ በኩል አቀብሉት።

ከዚያ ደግሞ ስክሪፕቱን በሁለት ፋይል ትከፍላላችሁ። የጋራ ፋንክሽኖቻችሁን በአንድ የጃይተን ሞጁል አስቀምጣችሁ ኢምፖርት ታደርጉታላችሁ። የ«#@» መስመር ኢምፖርት በተደረገው ፋይል ውስጥ አይነበብም። ሳይጃቫ የሚያነበው ያስኬደውን ስክሪፕት ብቻ ነው። ለጃይተን ያ መስመር በሀሽ ስለሚጀምር ተራ ኮሜንት ነው። ስለዚህ ኢምፖርቱ በሰላም ያልፋል። ቫሪያብሉን ልትጠቀሙ ስትሉ ግን ስሙ የለም ትባላላችሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዋናው ስክሪፕት ከላይ ይጠይቅ። ሞጁሉ ውስጥ ያሉት ፋንክሽኖች ሰርቪሱን እንደ ማንኛውም ግብዓት ይቀበሉ። ብዙ ሰርቪስ የሚያስፈልገው ሞጁል ከሆነ ኮንቴክስቱን ብቻ አቀብሉትና እሱ «ሰርቪስ» እያለ ያውጣ። እኔ እስከ ሦስት ሰርቪስ ድረስ ለየብቻ አቀብላለሁ። ከዚያ ካለፈ ኮንቴክስቱን እሰጣለሁ። ሦስት የሚለው ቁጥር የእኔ ልማድ ነው፣ እናንተ የራሳችሁን ወስኑ።

ሌላ ቤት ስትሄዱ

ይህ ጉዳይ የሳይጃቫ ብቻ አይደለም። በጃቫ ሞጁል በሞጁል የተሠሩ ሌሎች ማዕቀፎችም ለስክሪፕት በር ከፍተዋል። የድረ ገጽ ማዕቀፉ አፓቼ ስሊንግ ለስክሪፕቱ «ስሊንግ» የሚባል ኦብጀክት ይሰጣል። «ስሊንግ.ጌትሰርቪስ» ስትሉ ከኦኤስጂአይ (የጃቫ ሞጁሎችን የሚያደራጅ ሥርዓት) መዝገብ ያወጣላችኋል። ካጣ ነል ይመልሳል። ስለዚህ ስለ ነል ያልነው እዚያም ይሠራል። የዊኪ ሶፍትዌሩ ኤክስዊኪ ደግሞ «ሰርቪስስ» የሚል ስም ለስክሪፕት ያቀርባል። ለስክሪፕት ተብለው የተዘጋጁትን ብቻ በስማቸው ትጠሯቸዋላችሁ። ከዚያ አልፎ የትኛውንም የውስጥ ክፍል ማውጣት የሚፈልግ ሰው የፕሮግራሚንግ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ብዙ ሰው በሚጽፍበት ዊኪ ላይ ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ፊጂ የሚሠራው በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ እንዲህ ያለ አጥር አላስፈለገውም።

እንግዲህ የትኛውን?

ለራሳችሁ ለአንድ ከሰዓት የሚሆን ሙከራ ከሆነ ጌትዌዩን ያዙ። አትጨነቁ። ከሠራላችሁና ልታስቀምጡት ከወሰናችሁ ግን ፋይሉን ከመዝጋታችሁ በፊት የተጠቀማችሁባቸውን ሰርቪሶች እያያችሁ ወደ ላይ አውጧቸው። ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ለሥራ ባልደረባ የምትሰጡት ከሆነ ያለ ምንም ማመንታት ከላይ ጠይቁ። ሰርቨር ላይ ሌሊት የሚሠራ ከሆነም እንዲሁ። በዚያ ላይ ዩአይሰርቪስን ከጠየቃችሁ «ኢዝሄድለስ» ብላችሁ ፈትሹና መስኮት ከሌለ ምስሉን ከማሳየት ይልቅ ወደ ፋይል አስቀምጡት። የድሮ ስታቲክ ትእዛዝ ካለበት በኦፕሰርቪስ ወይም በኮማንድሰርቪስ መተካት ይቻል እንደሆነ ተመልከቱ። ኮማንድሰርቪስ ስታስኬዱበት ወዲያው የሚመልሰው ውጤቱን አይደለም፣ ገና የሚመጣ ውጤት ቃል ኪዳን ነው። «ጌት» ብላችሁ ካልጠበቃችሁት ስክሪፕቱ ቀድሟችሁ ይሄዳል።

በተለያየ ፕሮግራም ላይ እንዲሠራ የምትፈልጉት ስክሪፕት ከሆነ ኮንቴክስቱን ጠይቁ። የግድ የሆነውን መጀመሪያ ላይ «ሰርቪስ»፣ የግድ ያልሆነውን በ«ጌትሰርቪስ» እና በነል ፍተሻ።

የቆየ ስክሪፕት ወርሳችሁ ከሆነ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ከማንበባችሁ በፊት ፋይሉ ውስጥ «ኒው ኢሜጅጄ» እና «ኒው ኮንቴክስት» የሚሉትን ፈልጉ። ካገኛችሁ መጀመሪያ እነሱን አውጡና በ«#@» መስመር ተኩ። ቀጥሎ «ጌትሰርቪስ» የሚለውን ፈልጉ፣ ከሥሩ ነል የሚፈትሽ መስመር መኖሩን እዩ። ከዚያ በኋላ ነው ስሌቱን ማንበብ የምትጀምሩት።